«ላሜ ሞታለች፣ መንግሥት ይከፍለኛል»፦ በደሴ ዙሪያ ስለ ድርቅ እርዳታ የሚወራውና እውነታው

በልግ በቀረ ቁጥር በኩታበርም ሆነ በቃሉ ስለ እርዳታ የሚወራው ከሚመጣው እርዳታ ይበልጣል። ከብት ያለውን ሰው የሚጎዱትን ወሬዎች እነሆ።

«ለሞተ ከብት በቁጥር ይከፈላል»

አይከፈልም። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት ግን አይከብድም። ኮምቦልቻ አካባቢ ለፋብሪካና ለመንገድ መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ካሳ ሲቀበል ታይቷል። ያ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ለተነሣ ሰው የሚከፈል ነው፤ ድርቅ የገደላትን ላም አይመለከትም። የሚበላው ለሚያጥረው የገጠር ቤተሰብ ክፍያ የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጥረው የቤተሰቡን አባላት ነው። ቦረና ላይ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የከብት ኢንሹራንስ እንኳ ሬሳ አይቆጥርም፤ አረቦን ለከፈለ አርብቶ አደር ሳተላይት የግጦሹን መድረቅ ሲያሳይ ይከፍላል።

«ከብት ያለው አይመዘገብም»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንዱ በጎቹን ዘመድ ቤት ይደብቃል፤ ሌላው ምዝገባ ሳይደርስ ጊደሩን ባቲ ገበያ አውጥቶ በወደቀ ዋጋ ይሸጣል። የሴፍቲኔቱ መመሪያ አስቀድሞ ሲጠይቅ የቆየው የምግብ ክፍተትን ነው፦ ቤተሰቡ ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወርና ከዚያ በላይ የሚበላው አጥቷል ወይ? ከብት የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ ከመሬቱ ስፋትና ለምነት፣ ከጎተራውና ከጉልበቱ ጋር ተደምሮ ነው። እንዲያውም ሀብቱን በድንገት ያጣ ቤተሰብ ራሱን የቻለ የመግቢያ ምክንያት አለው። በሬዎቹ ያለቁበት ሰው የሞቱትን በቀበሌ ማስመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው።

ኮታ ሲጠብ ተጠቃሚ የሚመርጠው ኮሚቴ ዓይን ደጃፍ ላይ በታሰረችው ላም ላይ ቶሎ እንደሚያርፍ አልክድም። ቀበሌው ግን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም አለው። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ሲነበብ ዝም ብሎ፣ ቤት ገብቶ ማማረር የትም አያደርስም።

«ያልሠራ አይከፈለውም»

ጉልበት ያለው በሴፍቲኔቱ የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል። ጧሪ የሌለው አዛውንትና መሥራት የማይችል አካል ጉዳተኛ ያለ ሥራ በሚከፈል ቀጥታ ድጋፍ ይያዛሉ፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራ ነፃ ሆና ይከፈላታል።

«ሴፍቲኔት ለሰው እንጂ ለከብት አይጠቅምም»

እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። በማኅበረሰብ ሥራ እርከን የተሠራባቸውና ከልቅ ግጦሽ የተከለሉ ተራሮች ሣር ያበቅላሉ፤ ሣሩም ታጭዶ ይወሰዳል። ከብቱን ከባዶ ዓመት የሚያሻግረው ከወር ክፍያው ይልቅ ይህ ድርቆሽ ነው፤ ክፍያው በአንድ ቀን ገበያ ያልቃል። ሌሊት ተደብቆ ከብት ወደ ተከለለው ተራራ የሚያስገባ ጎረቤት የሚያበላው የሁሉንም መኖ ነው።

«ኮምቦልቻ መጋዘኑ ሞልቶ ወረዳው ይከለክለናል»

መጋዘን መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን እህሉን ወረዳው እንዳሻው አያወጣም፤ ጥያቄው በጥናት ተደግፎ በዞንና በክልል በኩል ለፌዴራሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይደርሳል። በጦርነቱ ጊዜ፣ ኅዳር 2014፣ ከዝርፊያ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ ስርጭት ማቆሙንም የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። ደግሞ እዚያ የሚከማቸው ዋናው ነገር የሰው እህል ነው፤ መኖ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

«ዝናብ ከጣለ አለቀ»

የከሳ ከብት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ብርዱ፣ ጭቃውና ጥገኛ ትሉ አንድ ላይ ይመጡበታል፤ ሣሩ ደግሞ ለአፍ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ክትባትና የትል መድኃኒት ከዝናቡ በፊት ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠየቃል። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ከበዛም ባለሙያው ናሙና ወስዶ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መላክ ይችላል። ለወረዳው የቀረበው የመኖ ጥያቄም መሬቱ አረንጓዴ ስለመሰለ ብቻ መሰረዝ የለበትም።