የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ግራንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ለአደጋ ጊዜ ዝግጁነት የሚመደበው የፌዴራል ድጋፍ ገንዘብ (ግራንት) በአብዛኛው ፌማ ከተባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ወደ ስቴት፣ ከስቴት ወደ ካውንቲና ከተማ ይወርዳል። ስቴቱ ተቀባይ፣ ካውንቲው ንዑስ ተቀባይ ይባላሉ። ሁለቱንም የሚያስረው 2 ሲኤፍአር ክፍል 200 የተባለው የፌዴራል ግራንቶች አጠቃቀም ደንብ ነው። ገንዘብ እንዲመልሱ ከሚታዘዙት መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ አንድ ሳንቲም አልሰረቁም፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ ያለ ቅደም ተከተሉ ገዝተዋል፣ ወይም ማስረጃው በእጃቸው የለም። በካውንቲ ፋይናንስ ክፍል የምትሠሩም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቦርድ የምታገለግሉ ከታች ያሉትን ስህተቶች ሳታውቋቸው አትቀሩም።

«ገንዘቡ ሲገባልን እንገዛለን»

አብዛኞቹ ስቴቶች የሚከፍሉት ተመላሽ አድርገው ነው። መሥሪያ ቤቱ ከራሱ በጀት ይከፍላል፤ ከዚያ የግዥ ትዕዛዙን፣ ኢንቮይሱን፣ ዕቃው መረከቡን የሚያሳየውን ሰነድና የክፍያ ማስረጃውን አያይዞ ይጠይቃል። ወጪው የግራንቱ ዘመን ከመጀመሩ በፊት የወጣ ከሆነ፣ ቅድመ ፈቃድ ከሌለ በቀር፣ አይመለስም።

«የግራንቱን ግማሽ ካዋጣን ይበቃል»

ኢኤምፒጂ በሚባለው የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ግራንት የፌዴራሉ ድርሻ ከጠቅላላው ወጪ 50 በመቶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ 60,000 ዶላር የተሰጠው ካውንቲ ከራሱ 60,000 ማሳየት አለበት። 30,000 ብሎ በጀት የያዘ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ሒሳቡ ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም። የበጎ ፈቃደኞች ሰዓት ይቆጠራል፣ ዋጋው ግን ለዚያ ዓይነት ሥራ በተለምዶ በሚከፈለው ደመወዝ ይተመናል። ለእያንዳንዱ ቀን የገቡበትና የወጡበት ሰዓት፣ የሠሩት ሥራና ፊርማ ያስፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ ዝርዝር ኦዲተር አይቀበለውም። ለአንድ ግራንት መዋጮ የሆነ ሰዓት ለሌላው አይቆጠርም። ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የሌላ ፌዴራል ግራንት ገንዘብም መዋጮ መሆን አይችልም።

«ለአደጋ ጊዜ ስለሆነ ያለ ጨረታ መግዛት ይቻላል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስመልሰው ይህኛው ነው። ደንቡ በአስቸኳይነት ምክንያት ያለ ውድድር መግዛትን የሚፈቅደው አደጋው በእርግጥ ሲደርስና ሁኔታው ለውድድር ጊዜ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። የዝግጁነት ግዥ ከአደጋው በፊት የሚፈጸም ስለሆነ በዚህ ምክንያት መጠቀም አይችልም። የግራንቱ ዘመን ሊያልቅ ሦስት ሳምንት መቅረቱም አስቸኳይ ሁኔታ አይባልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ካውንቲው እያንዳንዳቸው 4,500 ዶላር የሚያወጡ 20 የእጅ ሬዲዮዎች ይፈልጋል፤ ድምሩ 90,000 ነው። ለግዥ የሚቆጠረው ድምሩ ነው፤ ስለዚህ ብቃት ካላቸው ከአንድ በላይ አቅራቢዎች ዋጋ መሰብሰብና ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ነው። ዋጋ ማወዳደር ግድ ከሚሆንበት የዋጋ ገደብ ለማምለጥ ሁለት ሁለት አድርጎ ማዘዝ ግዥ መከፋፈል ነው፤ ኦዲተሮችም ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያዩታል። ለንብረት ምዝገባ ግን የሚታየው የአንዱ ዋጋ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በተሰጡ ግራንቶች የቋሚ ንብረት ገደብ ከ5,000 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ ብሏል፤ የካውንቲው የራሱ ገደብ ዝቅ ካለ ዝቅተኛው ይሠራል። ገደቡን ያለፈ ዕቃ በመለያ ቁጥሩ፣ በዋጋው፣ በገንዘቡ ምንጭ፣ በፌዴራሉ ድርሻ፣ በሚገኝበት ቦታና በይዞታው ይመዘገባል፤ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱም ይቆጠራል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። ሳይረን (የማስጠንቀቂያ ድምፅ መሣሪያ) የሚሸጠው ድርጅት «ዝርዝር መግለጫውን እኛ እናዘጋጅላችኋለን» ይላል። ከተቀበላችሁ ያ ድርጅት በዚያ ጨረታ መወዳደር አይችልም። በስቴት ውል መግዛትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ውሉ ራሱ የፌዴራሉን የውድድር መስፈርት አሟልቶ መፈረሙን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቃችሁ ያዙ። የፌዴራል፣ የስቴትና የካውንቲ ደንብ ሲለያዩ ጥብቁን ተከተሉ።

«በራሳችን ሕንፃ ላይ ለመትከል ፈቃድ አያስፈልግም»

ኢኤችፒ የሚባለው የአካባቢና የታሪካዊ ቅርስ ግምገማ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ አለበት። ጄኔሬተር የሚቀመጥበት የሲሚንቶ መደብ፣ የሳይረን ምሰሶ ጉድጓድ፣ ጣሪያ ላይ የሚታሰር አንቴና፣ ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ ሽቦ ሁሉ ይገመገማል። ቅጹ የቦታውን አድራሻ፣ ፎቶግራፎች፣ የሚቆፈረውን ጥልቀትና ስፋት፣ የሕንፃውን ዕድሜ ይጠይቃል፤ 50 ዓመት የሞላው ሕንፃ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ተቋራጩ ፈቃዱ ሳይመጣ አንድ ጉድጓድ ከቆፈረ የሥራው ወጪ በሙሉ ሊከለከል ይችላል፤ በኋላ የሚጻፍ ይቅርታ አይመልሰውም። የክፍል ውስጥ ሥልጠናና ተከላ የማይፈልግ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በአብዛኛው ይህን ግምገማ አያስፈልገውም።

«ኃላፊው ግማሽ ጊዜውን ይሠራል ብለን በበጀት ጽፈናል»

በትናንሽ ካውንቲዎች የአደጋ ጊዜ ኃላፊው የእሳት አደጋ አዛዥም ሊሆን ይችላል። በጀት ላይ የተጻፈ 50 በመቶ ግምት ነው፤ ለደመወዝ ክፍያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በእርግጥ የተሠራውን የሚያሳይ፣ የሰውየውን ሙሉ የሥራ ጊዜ የሚሸፍንና በአለቃው የተረጋገጠ የሰዓት መዝገብ ያስፈልጋል። በኢኤምፒጂ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ አይኤስ 100፣ 200፣ 700 እና 800 የተባሉትን የፌማ ኮርሶች ጨምሮ የታዘዘውን ሥልጠና የወሰደበት ሰርተፊኬትም ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

«ርካሹን ካሜራ ብንገዛ ገንዘብ ቆጠብን»

ከኦገስት 2020 ጀምሮ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢ፣ ሃይቴራ፣ ሂክቪዥንና ዳሁዋ ያመረቷቸውን የመገናኛና የቪዲዮ ክትትል መሣሪያዎች በፌዴራል ግራንት መግዛት ተከልክሏል። ሃይቴራ ሬዲዮ ያመርታል፤ ሂክቪዥንና ዳሁዋ ካሜራ ያመርታሉ። አስቸጋሪው ነገር አንዳንዶቹ በሌላ የንግድ ምልክት መሸጣቸው ነው፤ ስለዚህ አምራቹ ማን እንደሆነ ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህ ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚሰጠውን የደህንነት ግራንት የሚያገኙ አብያተ ክርስቲያናትንና መስጊዶችንም በቀጥታ ይነካል። እነሱም ንዑስ ተቀባይ ናቸው፤ ካሜራውን ግድግዳ ላይ ከመስቀላቸው በፊትም ኢኤችፒ ያስፈልጋቸዋል።

«ግራንታችን ትንሽ ስለሆነ ኦዲት አይመለከተንም»

የሚቆጠረው በአንድ የበጀት ዓመት ከሁሉም የፌዴራል ምንጮች የወጣው ገንዘብ ነው። 90,000 ለአደጋ ዝግጁነት፣ 650,000 ለመንገድ፣ 300,000 ለጤና ያወጣ ካውንቲ 1,040,000 ደርሷል፤ ገደቡ 1,000,000 ዶላር ስለሆነ ሲንግል ኦዲት የሚባለው፣ የፌዴራል ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ላይ የሚመረምር ኦዲት ግዴታው ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 በፊት የጀመሩ የበጀት ዓመታት ገደብ 750,000 ነበር። ከገደቡ በታች የሆነውንም ስቴቱ መጥቶ ሰነዱን ማየት ይችላል።

«ሰነድ የሚያዝበት ሦስት ዓመት ከግዥው ቀን ይቆጠራል»

ሦስቱ ዓመታት የሚጀምሩት የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከገባበት ቀን ነው። የስቴቱ ሪፖርት ለፌማ የሚገባው ከእናንተ በኋላ ስለሆነ፣ ግራንቱ የተዘጋበትን ቀን ስቴቱ በደብዳቤ እንዲያሳውቃችሁ ጠይቁና ከዚያ ቁጠሩ። ለቋሚ ንብረት ግን ሦስቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ዕቃው ከተወገደ በኋላ ነው፤ አሥር ዓመት ያገለገለ ጄኔሬተር ፋይሉ አሥራ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ኦዲት ወይም ክርክር ከተጀመረ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ወረቀት አይጣልም።