«ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም»፦ ብሂሉና ዝንቧ

«ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» የሚባለው ብዛቱን ተማምኖ የሚፎክርን ወገን ለማጣጣል ነው። አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን ትቶ «ዝንብ ቢሰበሰብ» ብሎ ይጀምረዋል፤ ትርጉሙ ግን ያው ነው። አቅም የሌላቸው ቢበዙ ብዛታቸው አቅም አይሆናቸውም ማለት ነው። መግላሊት የሸክላ ድስት ክዳን ነው። የብሂሉ መነሻም ሩቅ አይደለም፤ ክዳኑ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ ነው። ሽታው በጠርዙ ሾልኮ ይወጣል፤ ዝንቡ ይሰፍራል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ ይሰፍራል። ክዳኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

አነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ከሚያይ ሰው አፍ ነው። ጉልበተኛው ለደካሞች፣ ሹሙ ለሚያጉረመርሙት ይናገረዋል። በሰው ላይ ሲነገር አልወደውም። ስለ ዝንብ የተነገረ ምልከታ ነው ብለን ብንወስደው ግን እንከን አይወጣለትም። አንዲት የቤት ዝንብ ብትመዘን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ሺሁ ተጠራርቶ ቢመጣ ከ10 እስከ 20 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ብዙም አይርቅም። አፏም ቢሆን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። የቤት ዝንብ መንጋጋ የላትም፤ ጠጣር ምግብ ስታገኝ ምራቋን ተፍታበት፣ አሟሙታ፣ የሟሟውን ትመጥጣለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝንብ እንደ ንብና እንደ ጉንዳን ሥራ አትከፋፈልም። አንዷ ክዳኑ ላይ የምታርፈው ለራሷ ነው፤ አጠገቧ ያረፈችውም ለራሷ ነው። ይህ አነጋገር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ጋር ይጋጫል የሚሉ አሉ። አይጋጭም። ያኛው የሚናገረው ስለ ተጋመደ ነገር ነው፤ ይህኛው ተጠጋግቶ ስለተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ1668 ፍራንቼስኮ ሬዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም፣ ብሂሉን ሰምቶት ሳያውቅ፣ ነገሩን በሙከራ አሳይቶታል። በዘመኑ ብዙዎች ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ሬዲ ሥጋ በዕቃ አስቀምጦ ከፊሉን ክፍት ተወው፣ ከፊሉን ዘጋው። ክፍቱ ውስጥ ትል ፈላ፤ በተዘጋው አልታየም። አየር አጥቶ ነው እንዳይባል ደግሞ ሌላውን አየር በሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ሸፈነው። ዝንቦቹ ሽታውን ተከትለው ጨርቁ ላይ ተሰበሰቡ፤ ወደ ውስጥ መግባት ስላቃታቸው ዘራቸውን እዚያው ጣሉት። ትሎቹ የታዩት ጨርቁ ላይ ነው፤ ሥጋው ላይ አልነበሩም።

የቤት ዝንብ እንቁላል ነጭና ሞላላ ሆኖ ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እናቲቱ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል ትጥላለች። ሙቀት ካገኘ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ እግር የለውም፤ ሾጣጣው ጫፉ አፉ ነው፣ በውስጡም ምግቡን የሚቧጥጥበት ጥቁር መንጠቆ አለ። የሚተነፍሰው በዋናነት በኋላው በኩል ባሉ ቀዳዳዎች ስለሆነ አፉን ምግቡ ውስጥ ቀብሮ ያለ ፋታ ይበላል። ሁለት ጊዜ ቆዳውን ይገፋል። ቦታው ሞቃት ከሆነ ይህ ሁሉ ከ4 እስከ 7 ቀን ይፈጃል።

ብሂሉ የሚንገዳገደው እዚህ ላይ ነው። በጥንብ ላይ የሚያድጉ የሌሎች ዝንቦች እጮች ሲሰበሰቡ በእርግጥም አቅም ያገኛሉ። ምራቃቸው ተደባልቆ ሥጋውን ያሟሙታል፤ ክምችታቸውም ከውስጥ እየጋለ ከአካባቢው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ብቻውን የቀረ ትል ይህን ሙቀት አያገኝም። ስለዚህ እነዚህ ዝንቦች መሰብሰብ የሚጠቅማቸው በትልነታቸው ነው፤ ክንፍ ሲያወጡ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል።

እጩ ጠግቦ ሲያበቃ ምግቡን ትቶ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ቆዳ አይጥለውም። ቆዳው አጥሮ፣ ደርቆ፣ ጠንካራ ቅርፊት ይሆንና ከነጭነት ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል። በውስጡ ያለው ፑፓ ይባላል። ከውጭ ሲያዩት የሞተ ይመስላል፤ ውስጥ ግን የትሉ አካል አብዛኛው ፈርሶ እግር፣ ክንፍና ዓይን እየተሠራ ነው። በሞቃት ቦታ ከ3 እስከ 6 ቀን ይበቃዋል፤ ቅዝቃዜ ሲኖር ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ከዚያ ዝንቧ ከቅርፊቱ መውጣት አለባት። መንጋጋ የላትም፣ ክንፏ ተጨማዶ እርጥብ ነው፣ ሰውነቷ ገና ልል ነው። መውጫዋ ግንባሯ ነው። ከአንቴናዎቿ በላይ ያለው ፊቷ ይከፈትና አንድ ስስ ከረጢት ብቅ ይላል፤ የሰውነቷን ፈሳሽ ወደ ጭንቅላቷ ስትገፋ ይወጠራል፣ ስትለቀው ይሟሽሻል፣ እንደገና ይወጠራል። የቅርፊቱ ጫፍ ዙሪያውን ደካማ መስመር አለው፤ በተደጋጋሚ ሲገፋ በዚያ መስመር ተላቆ እንደ ክዳን ይነሳል። ቅርፊቱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ በዚሁ ከረጢት አፈሩን እየገፋች ወደ ላይ ትወጣለች። መግላሊት አትከፍትም የተባለችው ዝንብ በዕድሜዋ አንድ ክዳን ከፍታለች፤ ያውም ብቻዋን፣ ያለ ምንም ረዳት።

ሥራው ሲያልቅ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ይገባል፣ ግንባሯም ይዘጋል። ቆዳዋ ከጠነከረ በኋላ ከረጢቱ ዳግመኛ አይወጠርም፤ ከአንቴናዎቿ በላይ የሚቀረው ቅስት ስፌት ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያጎላ መነጽር ያሳያል። ክንፏ ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ በቁመትም አትጨምርም። ትንንሽ ዝንቦችን አይቶ «የትልልቆቹ ልጆች ናቸው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ልጆቹ ትሎቹ ናቸው፤ ትንሿ ዝንብ ወይ እጭ ሳለች ምግብ ያነሳት ናት፣ አለዚያም ከሌላ ዝርያ የሆነች ሙሉ ዝንብ።