ሙዚቃው ከሲዲው፣ ጩኸቱ ከማሽኑ፦ ስለ ሪጅ ሬሰር ድምፅ ተሳስተን የምናወራው

በሰፈራችን ፕሌስቴሽን ቤት ሪጅ ሬሰር የሚባል የመኪና ጌም ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ኳስ ተጫዋቾቹ አንደኛው ቴሌቪዥን ላይ በተራ ይጨቃጨቃሉ። መኪና የምንነዳው ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ ጥጉን ይዘናል። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ኩርባ ላይ ሲጥ ይላል፣ አስተዋዋቂው በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል። ሙዚቃ ግን የለም። የቤቱ ባለቤት ሲሰለቸው ከኋላችን ቴፑን ይከፍታል። ለዓመታት ሪጅ ሬሰር ሙዚቃ የሌለው ጌም ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

የሚገርመው ይህ ጌም በሙዚቃው ከሚታወቁት አንዱ ነው። ቆይቼ ነገሩን ሳጣራ አንድ ነገር ገባኝ። ስለ ድሮ የመኪና ጌሞች ድምፅ የምንሳሳተው በአብዛኛው ሙዚቃውም ጩኸቱም ከአንድ ቦታ የሚወጡ ስለሚመስለን ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ስህተቶች ግማሾቹ የራሴ ናቸው፤ ግማሾቹን ከጓደኞቼ ሰምቻቸዋለሁ።

«ሪጅ ሬሰር ሙዚቃ የለውም»

አለው፤ ያውም ቴክኖ የሚሉት የሚያደነቁር የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ። ጌሙን የሠራው የጃፓኑ ናምኮ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሳንቲም እየጎረሱ በሚሠሩት ትልልቅ የአርኬድ ማሽኖች ላይ ነበር። ወደ ፕሌስቴሽን የመጣው በዓመቱ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ነው። ፕሌስቴሽን ራሱ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በዚያው ዕለት ነው። ሙዚቃው ዲስኩ ላይ የተቀመጠው እንደ ማንኛውም የዘፈን ሲዲ ነው። 1ኛው ትራክ ጌሙ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሙዚቃዎች ናቸው።

ታዲያ የእኛ ለምን ዝም አለ? ሲዲያችን ኮፒ ነበራ! ኮፒ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጊዜ 1ኛውን ትራክ ብቻ ይወስዳል፤ ወይ አያውቅም፣ ወይ ቦታ መቆጠብ ይፈልጋል። ጌሙ «3ኛውን ትራክ አጫውት» ብሎ ያዛል። 3ኛ ትራክ የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ግን መጮሁን አያቆምም፤ የሱ ድምፅ ከጌሙ ጋር አብሮ 1ኛው ትራክ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ይኼ ነገር ዛሬም አልቀረም። ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚጫወቱ ሰዎች «ሙዚቃው ጠፋ» ሲሉ እሰማለሁ። የጌሙ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ቢን እና ኪው ሆኖ ይመጣል። ኪው የምትባለዋ ሚጢጢ ፋይል የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምር የምትናገር ናት። እሷን ትተህ ቢኑን ብቻ ከከፈትክ ጌሙ ሊነሳልህ ይችላል፤ ሙዚቃው ግን ይቀራል።

«ሲዲውን ካወጣኸው ጌሙ ይቆማል»

ብዙ ጌሞች ላይ እውነት ነው። ሪጅ ሬሰር ላይ ግን አይሠራም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው።

የፕሌስቴሽን ዋና ሜሞሪ 2 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ናምኮዎች ጌማቸውን ጠቅላላ ማሽኑ ውስጥ ጠቅጥቀው ከተቱት። አንዴ ከተጫነ ዲስኩ የሚፈለገው ለሙዚቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ከፍተህ የጌሙን ሲዲ ታወጣና የራስህን የዘፈን ሲዲ ታስገባለህ። ክዳኑን ትዘጋለህ። ውድድሩ ይቀጥላል።

ጌሙ ዲስክ መቀየሩን ከቁብ አይቆጥረውም። እሱ የሚያውቀው የትራክ ቁጥር ብቻ ነው። «4ኛውን» ይላል፤ ማጫወቻው ከፊቱ ባገኘው ዲስክ ላይ 4ኛውን ይፈልጋል። የገባው የጥላሁን ገሠሠ ሲዲ ከሆነ ጥላሁን ይዘፍናል። ሞክሬዋለሁ። በትዝታ ቅኝት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ኩርባ መግባት ሌላ ዓለም ነው፤ ሆዱ የባባ ሰው ፍሬን መያዝ ይረሳል። ከግድግዳው ጋር ስንት ጊዜ እንደተላተምኩ አልናገርም።

በነገራችን ላይ፣ ጌሙ እስኪጫን ድረስ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ጋላክሲያን የሚባል የጠፈር መንኮራኩር ተኩስ ይመጣልሃል። ጠላቶቹን በሙሉ ከጨረስክ ተጨማሪ 8 መኪናዎች ይከፈቱልሃል። እኛ ጋ ይህን የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበር። ለማንም ሳይናገር ሁሌ የተሻለውን መኪና እየነዳ ፈጀን።

«የሞተሩ ድምፅ ከእውነተኛ መኪና ተቀድቶ እንዳለ የሚጫወት ነው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጆሯችን የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።

ፕሌስቴሽን ለብቻው የድምፅ ቺፕ አለው። ቺፑ 24 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ማውጣት ይችላል። የሚጠቀምበት ሜሞሪ ግን 512 ኪሎባይት ብቻ ነው። ድምፁ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ 28 የድምፅ ናሙናዎች በ16 ባይት ይታሸጋሉ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሲዲ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና ከሆነ፣ ያ ሜሞሪ በሙሉ የሚይዘው 20 ሰከንድ ግድም ነው። ሞተሩ፣ ጎማው፣ ግጭቱ፣ የአስተዋዋቂው ልፍለፋ ሁሉ ከዚያች መሶብ ነው የሚቆርሰው። እንዲበቃቸው ጥራቱን ዝቅ ያደርጋሉ።

እንግዲህ ሙሉ የሞተር ቅጂ፣ ከቆመበት ተነስቶ እስከ መጨረሻው ማርሽ፣ እዚያ ውስጥ የት ይገባል? አይገባም። የዚያ ዘመን ጌም ሠሪዎች መላ ነበራቸው። አንዲት አጭር የሞተር ድምፅ ይወስዳሉ፤ ከሰከንድ ያነሰች ልትሆንም ትችላለች። ጫፍና ጫፏን ገጥመው ያሽከረክሯታል። ነዳጅ ስትሰጥ ቺፑ ያቺኑ ድምፅ ፈጠን አድርጎ ያጫውታታል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እግርህን ስታነሳ ቀስ ያደርጋታል፣ ይወፍራል። ባትሪው ያለቀ ቴፕ ሰምተህ ታውቃለህ? ዘፋኟ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆናለች። ነገሩ ያው ነው፤ እዚህ ግን ሆን ተብሎ ነው የሚደረገው።

ማረጋገጥ ከፈለግክ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨምርና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ንዳ። ትንሽ ቆይተህ አንድ መመላለስ ይሰማሃል፤ «ውው፣ ውው፣ ውው» ዓይነት። መገጣጠሚያው ነው። ማርሽ ስትቀይር ደግሞ ቅጥነቱ ድንገት ወርዶ እንደገና ይወጣል። ድምፁ አልተቀየረም። የተቀየረው ፍጥነቱ ነው።

አስተዋዋቂው ሦስት አራት ነገር እየደጋገመ የሚያሰለቸንም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚናገረው አጥቶ አይደለም፣ ቦታ አጥቶ ነው።

«የድሮ ጌም ሙዚቃ ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሉንም የድሮ ማሽን በአንድ ጆንያ ይከታሉ። ጢጥ ጢጡ የጃፓኑ ኔንቲዶ ያወጣው ኤንኢኤስ የሚባለው የድሮ ማሽን ነው። 5 የድምፅ መስመር ብቻ ነበረው፤ አንደኛው ዝም ብሎ ሽሽሽ የሚል ነው። እዚያ ላይ ያን ሁሉ ዜማ ያወጡ ሰዎች ጎበዞች ናቸው ባይ ነኝ።

ቀጣዩ ሱፐር ኔንቲዶ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ ካርት የሚባል የመኪና ጌም እንውሰድ። የማሽኑ የድምፅ ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ነው። የአንድ ሰከንድ የሲዲ ሙዚቃ 176 ኪሎባይት ይፈጃል። ማለትም ያ ሜሞሪ የግማሽ ሰከንድ ሲዲ እንኳ አይችልም። ስለዚህ ዘፈኑ ተቀድቶ አልተቀመጠም። የተቀመጠው የቤዙ፣ የከበሮው፣ የፒያኖው ቁራጭ ድምፅና «አሁን ይህን ምታ፣ አሁን ያን ምታ» የሚል ዝርዝር ነው። የሠርግ ቤት ኪቦርድ አስቡት። ኪቦርዱ ውስጥ ዘፈን የለም። የመሣሪያ ድምፆች አሉ፤ ተጫዋቹ እዚያው ይመታዋል።

ይኼ አሠራር አንድ ጥቅም አለው። ሱፐር ማሪዮ ካርት ላይ የመጨረሻው ዙር ሲገባ ሙዚቃው ይፈጥናል፤ ልብም አብሮ ይፈጥናል። ዝርዝሩን ቶሎ ቶሎ ማንበብ ቀላል ነው። የሪጅ ሬሰር ሙዚቃ ግን ሲዲ ላይ የተቀዳ ስለሆነ እንደተቀዳ ነው የሚወጣው። በጥራት ሲዲው ይበልጣል፣ ከጨዋታው ጋር በመሮጥ አሮጌው ይበልጣል።

የማሪዮ ዘፈን ሁሉ የታዋቂው የኔንቲዶ ሙዚቀኛ የኮጂ ኮንዶ ነው የሚሉም አሉ። የዚህኛው ጌም ሙዚቃ ዋና ደራሲ ሶዮ ኦካ የምትባል ሴት ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሱፐር ኔንቲዶን የድምፅ ቺፕ የሠራው ሶኒ ነው። የቀረጸው ኬን ኩታራጊ ሲሆን፣ በኋላ የፕሌስቴሽን አባት የተባለው ያው ሰውዬ ነው። «ሶኒ ጌም ውስጥ የገባው በ1994 ነው» የሚለው ወሬም በዚሁ ይወድቃል።

«የሪጅ ሬሰር ሙዚቃ ከአውሮፓ ክለብ የተገዛ ነው»

ስትሰማው እንደዚያ ይመስላል። ግን የናምኮ የራሱ ሠራተኞች የሠሩት ነው፦ ሺንጂ ሆሶኤ፣ ኖቡዮሺ ሳኖ እና አያኮ ሳሶ። የአውሮፓን የጭፈራ ሙዚቃ በደንብ አድምጠዋል፣ ይህ አይካድም። ከሙዚቃዎቹ አንዱ በሆላንዷ ሮተርዳም ስም ተሰይሟል፤ ጋበር የሚባለው ጆሮ የሚበጥስ ቴክኖ የሚታወቅባት ከተማ ናት።

ይህ ወሬ ምናልባት ዋይፕአውት ከሚባለው ሌላ የውድድር ጌም ጋር ተምታቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የዋይፕአውት የአውሮፓ ዲስክ ላይ ኦርቢታል፣ ሌፍትፊልድና ኬሚካል ብራዘርስ የሚባሉት ዝነኛ የጭፈራ ሙዚቃ ቡድኖች ነበሩ። እዚያም ቢሆን አብዛኛውን የሠራው ሊቨርፑል የነበረው የጌሙ ድርጅት ሙዚቀኛ ቲም ራይት ነው። ስሙ የሚነሳው ግን የዝነኞቹ ነው፤ ለእሱ ይቆጨኛል።

«አንድ ጌም የትም አገር አንድ ዓይነት ሙዚቃ ነው ያለው»

የለም። ግራን ቱሪስሞ የሚባለው የመኪና ጌም የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ መክፈቻው የጃፓኑ ጊታሪስት ማሳሂሮ አንዶ ሥራ ነበር። በዓመቱ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሲሻገር ሙዚቃው በምዕራባውያን የሮክ ባንዶች ተተካ። ስለዚህ «የግራን ቱሪስሞ ሙዚቃ» ብለው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያወሩ ሊሆን ይችላል።

«አራት ሆነን ስንጫወት ሙዚቃው ጠፋ፤ ካሴቱ ተበላሽቷል»

ውጭ አገር ያደጉ የአክስቴ ልጆች ማሪዮ ካርት 64ን በዚህ ጥርጣሬ ስንቴ አውጥተው እፍ እንዳሉበት ሲያወሩ ያስቁኛል። ካሴቱ ጤነኛ ነው። ጌሙ ራሱ አራት ሰው ሲጫወት ሙዚቃ የለውም። ጌሙ የሚሠራበት ኔንቲዶ 64 የሚባለው ማሽን ለብቻው የተሰጠ የድምፅ ቺፕ የለውም፤ ሥዕሉን የሚያሰላው ክፍል ድምፁንም ያግዛል። ስክሪኑ ለአራት ተከፍሎ ሥራው ሲበዛበት የሚቀነስ ነገር ያስፈልጋል፤ የተቀነሰው ሙዚቃው ነው። ሞተሩ እዚህም መጮሁን አይተውም።

«የፕሌስቴሽን ሲዲ ጥቁር የሆነው ኮፒ እንዳይደረግ ነው»

ቀለም ነው። የማሽኑ ጨረር በዓይን የማይታይ ስለሆነ ጥቁሩን አልፎት ይሄዳል። መቆጣጠሪያው ዲስኩ ሲመረት መስመሩ ላይ የሚቀመጥ ኮድ ነው፤ ተራ የሲዲ መጻፊያ እሱን አይጽፈውም። ለድምፁ ጥራትም ቀለሙ ምንም አይጨምርም።

«የጌም ሲዲ ቴፕ ላይ አይሠራም»

የሪጅ ሬሰር ዋናው ሲዲ ይሠራል። ባለፈው ጊዜ አንድ ጓደኛዬ ዋናውን ዲስክ አምጥቶልኝ ሳሎን ያለው ሲዲ ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። በልጅነቴ ያልሰማሁት ሙዚቃ ቤቱን ሞላው፤ እናቴ ከጓዳ «ምንድነው የሚንኳኳው?» ብላ ወጣች። ስትሞክሩት ከ2ኛው ትራክ ጀምሩ። 1ኛው ጌሙ ነው ብያለሁ። አንዳንድ ማጫወቻ ራሱ ይዘለዋል። የማይዘለው ከሆነ የሚወጣው ከፍተኛ ዝዝዝታ ነው፤ ስፒከርም ሊያቃጥል ይችላል።