ራቬና፦ ከጡብ ግድግዳ ጀርባ ያለው ወርቅ

በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ ከአድርያቲክ ባሕር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብላ የምትገኘው ራቬና እንደ ሮም፣ እንደ ፍሎረንስና እንደ ቬኒስ ስሟ ብዙ አይነሣም። የ5ኛውንና የ6ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የክርስትና ጥበብ በተሠራበት ግድግዳ ላይ እንዳለ ማየት ለሚሻ ሰው ግን ከእርሷ የሚበልጥ ከተማ መጥቀስ ይከብዳል። ዩኔስኮ በ1996 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት አንድ ሕንፃ ሳይሆን ስምንቱን በአንድነት ነው የመዘገበው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለዚህ ያበቃት ረግረጓ ነው። አውግስጦስ ቄሳር በአጠገቧ፣ ክላሴ በተባለው ስፍራ፣ የጦር መርከቦች ወደብ አሠርቶ ነበር። በ402 ጎቶች የተባሉት ጀርመናዊ ነገድ ጦር ጣሊያንን ሲያስጨንቅ የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ኦኖርዮስ ቤተ መንግሥቱን ከሚላን ወደዚህ አዛወረ። በየብስ በኩል ረግረግ ያጠራት፣ በባሕር በኩል ስንቅ የሚገባላት ከተማ ለከባቢ ጦር አትመችም። ከዚያ ወዲያ ገዥዎቿ ተፈራረቁ። በ476 የጦር አለቃው ኦዶአከር የመጨረሻውን የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ከዙፋኑ አወረደ። በ493 የኦስትሮጎቶቹ (የምሥራቅ ጎቶች) ንጉሥ ቴዎዶሪክ ከረጅም ከበባ በኋላ ገብቶ ኦዶአከርን ገደለ። በ540 የቢዛንታዩ (የምሥራቅ ሮሙ) ንጉሠ ነገሥት የዮስጢንያኖስ የጦር አለቃ ቤሊሳርዮስ ያዛት፤ በ751 ሎምባርዶች የተባሉት ሌላ ጀርመናዊ ነገድ ወሰዷት። የሚያስደንቀው፣ በዚህ ሁሉ መፈራረቅ ውስጥ አዲሱ ገዥ የቀድሞውን ቤተ ክርስቲያን አለማፍረሱ ነው። የማይወደውን ፊት ፍቆ፣ የራሱን አኑሮ ይቀጥላል። የራቬና ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ ከግድግዳ የሚነበበው ስለዚህ ነው።

ንባቡን ከትንሿ ሕንፃ መጀመር ይሻላል። የጋላ ፕላቺዲያ መቃብር የሚባለው የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤት በውጭ ሲያዩት ምንም ጌጥ የሌለው፣ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት ነው። ዝቅ ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የራቬና መሬት ለዘመናት ሲሰምጥ ስለኖረ ወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጋላ ፕላቺዲያ ኦኖርዮስን በአባት የምትወለድ እህቱ ናት። ሮም በ410 ስትዘረፍ በጎቶች ተማርካ የንጉሣቸው ሚስት ሆነች፤ በኋላም ለልጇ ሞግዚት ሆና የምዕራቡን መንግሥት መራች። በ450 ሮም ላይ ስላረፈች አስከሬኗ እዚህ ስለመቀበሩ ማስረጃ የለም፤ ስሟ ግን ከቤቱ አልተላቀቀም።

ደጃፉን አልፎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጨለማ ነው። ብርሃኑ የሚገባው በስስ የአልባስጥሮስ ድንጋይ በተሸፈኑ ጠባብ መስኮቶች በኩል ነውና ቢጫና ለስላሳ ነው። ዓይን ሲለምድ ከራስ በላይ ጥቁር ሊባል የደረሰ ሰማያዊ ጣሪያ ይገለጣል። በላዩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የወርቅ ከዋክብት በክብ በክብ ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው መስቀል፣ በአራቱ ማዕዘናት አራቱ እንስሳ አሉ። ከበሩ በላይ መልካሙ እረኛ ተቀምጦ የአንዷን በግ አፍ በእጁ ይዳስሳል። በጎን በኩል ዋላዎች፣ መዝሙረ ዳዊት እንደሚለው፣ ወደ ውኃ ምንጭ ተጠግተዋል።

ይህ ሁሉ ሥዕል በቀለም የተቀባ አይደለም፤ ሞዛይክ ነው። ባለሙያው እርጥብ ኖራ ግድግዳው ላይ ይለስናል፤ ኖራው ሳይደርቅ የጥፍር መጠን ያላቸውን ባለቀለም የመስታወትና የድንጋይ ቁራጮች አንድ በአንድ ይተክላል። ወርቃማዎቹ ቁራጮች የሚሠሩት እጅግ የሳሳ ወርቅ በሁለት የመስታወት ንጣፎች መካከል ተደርጎ ነው። ቁራጮቹ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ትንሽ ዘንበል ብለው ስለሚተከሉ ብርሃኑን እኩል አይመልሱም። ተመልካቹ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር አንዱ ሲበራ ሌላው ይደበዝዛል። ፎቶግራፍ ይህን ማሳየት አይችልም።

ቴዎዶሪክና ሕዝቡ የአርዮስን ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ፤ በ325 በኒቅያ ሠለስቱ ምዕት ያወገዙትን ማለት ነው። ስለዚህ በከተማዋ ሁለት ስምንት ማዕዘን የጥምቀት ቤቶች ቆሙ፤ አንዱ የኦርቶዶክሶች፣ ሌላው የአርዮሳውያን። የሁለቱም ጣሪያ የጌታን ጥምቀትና ሐዋርያትን ያሳያል። ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያሠራውና ዛሬ ሳንታፖሊናሬ ኑኦቮ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። ቢዛንታውያን ከተማዋን ከያዙ በኋላ አርዮሳዊው ሥዕል ተለወጠ። በአንዱ ግድግዳ ሃያ ስድስት ሰማዕታት፣ በሌላው ሃያ ሁለት ደናግል አክሊል ይዘው ሲሄዱ የምናየው በዚያ ጊዜ የተሠራውን ነው። በዚያው ግድግዳ ያለው የቴዎዶሪክ ቤተ መንግሥት ሥዕል ግን ሳይፈርስ ቀረ። በምሰሶዎቹ መካከል የነበሩት የቤተ መንግሥት ሰዎች ተነቅለው በቦታቸው ነጭ መጋረጃዎች ተሰቀሉ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ በነጩ ምሰሶ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እጅ ተዘርግቷል፤ በሌላው ምሰሶ ላይም ጣቶች ይታያሉ። ሠራተኞቹ ሰውየውን ሲነቅሉ ምሰሶውን ላለማበላሸት እጁን ትተውት ነው። ከ1,400 ዓመታት በላይ ባለቤት ያጡት እነዚህ እጆች ከነገሥታቱ ዘውድ ይልቅ ልብ ይነካሉ።

ቴዎዶሪክ ራሱ በ526 ሲሞት የተቀበረው ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ፣ ያለ ኖራ በተገጣጠመ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጣሪያው ከባሕሩ ማዶ፣ ከኢስትሪያ የመጣ አንድ ወጥ ድንጋይ ሲሆን ስፋቱ አሥር ሜትር ይደርሳል። በዘመኑ መሣሪያ እንዴት ወደ ላይ እንደወጣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

በ547 የተቀደሰው የሳን ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን የራቬና ጥበብ ከፍታ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው ዩልያኖስ የተባለ የገንዘብ ባለሙያ 26,000 የወርቅ ሳንቲም አውጥቶበታል። ስምንት ማዕዘን ያለው ሲሆን ጉልላቱ እንዳይከብድ ውስጣቸው ባዶ በሆኑ የሸክላ ቱቦዎች ተሠርቷል። በመቅደሱ ግራና ቀኝ ዮስጢንያኖስና ንግሥቲቱ ቴዎዶራ ፊት ለፊት ቆመዋል። እርሱ ጻሕል (የቁርባኑን ሳህን)፣ እርሷ ጽዋዕ ይዘዋል። ከንጉሡ ጎን ጳጳሱ ማክሲሚያኖስ ስሙ ከራሱ በላይ ተጽፎ መስቀል ይዟል፤ ዲያቆናቱም ወንጌልና ጽና ይዘዋል። በቴዎዶራ ካባ ዘርፍ ላይ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን ይዘው ተጠልፈዋል። ሁለቱም ነገሥታት ግን ራቬናን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ በአካል ያልደረሱበትን ቅዳሴ በሥዕል ለዘላለም ያስቀድሳሉ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እነዚህ ፊቶች እንግዳ አይደሉም። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፕዮስ እንደጻፈው፣ ዮስጢንያኖስ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ሐር ከሕንድ ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡና ፋርስን እንዲያስቀሩ ጠይቋል። ቴዎዶራም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የወሰነውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ አባቶችን በቍስጥንጥንያ የምታስጠልል ነበረች። ጽዋዕ ይዛ የቆመችው ግን ኬልቄዶናውያን በሚቀድሱበት መቅደስ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ራቀ፤ የክላሴ ወደብ በደለል ተሞልቶ እርሻ ሆነ። በዚያ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው በሜዳ መካከል የቆመው የክላሴው ሳንታፖሊናሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በመቅደሱ አረንጓዴ መስክ ላይ በጎች ተሰልፈዋል።

በከተማዋ የኖረ ስደተኛም አለ። በ1302 ከፍሎረንስ እንዲሰደድ የተፈረደበት ገጣሚው ዳንቴ በ1321 ያረፈው እዚህ ነው። ፍሎረንስ አጽሙን ስትጠይቅ የራቬና መነኮሳት ደበቁት፤ የተገኘው በ1865 ነው። ፍሎረንስ በራሷ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችለት መቃብር ባዶ ሲሆን፣ ራቬና ላለው መቃብሩ መብራት የሚሆነውን ዘይት በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ መስከረም (ሴፕቴምበር) ትልካለች።