ዲተር ዴንግለር ብቻውን አላመለጠም

የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ላኦስ ጦርነት ባነሳሁ ቁጥር አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ከጫካ እስር ቤት ብቻውን ያመለጠውን ፓይለት» ይተርክልኛል። ሰውዬው በእርግጥ ነበር። ዲተር ዴንግለር ይባላል፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነው። ታሪኩ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ግማሹ ጠፍቷል። ይኼ ደግሞ ያናድደኛል። ከተማሪዎቼ የምሰማውን አንድ በአንድ ላርመው። (ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የወደቀው ቬትናም ውስጥ ነው።» አይደለም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 ተመትቶ የወደቀው ላኦስ ውስጥ ነው፤ እስር ላይ ያቆዩትም ፓቴት ላኦ የሚባሉት የላኦስ ኮሚኒስት ተዋጊዎች ናቸው።

«አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ነው።» ጀርመን ተወልዶ በጦርነቱ ረሃብ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። አሜሪካ የሄደው ጎርምሶ ነው።

«ዋናው ፈተና አጥሩ ነበር።» አጥሩማ ቀላሉ ነው! ዴንግለር እንደተያዘ ሰሞን አንዴ አምልጦ ነበር። ውሃ ጥም አሸንፎት ምንጭ ዳር መልሰው ያዙት። ኋላ እሱና አብረውት የታሰሩት ለማምለጥ ዝናቡን የጠበቁት ለዚህ ነው፤ በበጋ ከወጡ የሚጠጡት የለም። አንድ ተማሪ «ጫካ እኮ ፍራፍሬ ሞልቷል» ብሎኛል። ዴንግለር ሲገኝ 45 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ለመግባት ነበር ሐሳባቸው። ግን በባዶ እግር፣ በዝናብና በአልቅት መሃል ስንት ሊኬድ ይችላል? ከካምፑ ብዙም አልራቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ብቻውን አመለጠ» የሚባለው።

ጁን 29 የወጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሦስቱ አሜሪካውያን፣ ሦስቱ ታይላንዳውያን፣ አንዱ የሆንግ ኮንግ ቻይናዊ። ከሰባቱ አምስቱ የተያዙት በ1963 ነው። ዴንግለር ሲመጣ እነሱ እዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ማቀዋል። ምግብ ሲያልቅ ጠባቂዎቹ እስረኞቹን ጫካ ወስደው ለመግደል ሲመካከሩ የሰማውም ከታይላንዳውያኑ አንዱ ነው። ቋንቋው ቅርባቸው ነው። ያ ሰው ባይሰማ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ማምለጥ አይኖርም ነበር።

ጠባቂዎቹ ምግብ ላይ ሆነው መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሳለ እስረኞቹ ቀድመው አነሱት። ተኩስ ሆነ። ከዚያ በቡድን ተከፋፈሉ። ከዴንግለር ጋር የሄደው ዱዌን ማርቲን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነው። አንድ መንደር ጋ ምግብ ፍለጋ ሲጠጉ የመንደሩ ሰው በገጀራ ገደለው። ታይላንዳዊው ፒሲዲ ኢንድራዳት እንደገና ተይዞ በጃንዋሪ 1967 ነፃ ወጣ። ከሰባቱ በሕይወት መውጣታቸው የሚታወቀው እሱና ዴንግለር ብቻ ናቸው።

ከሦስቱ አሜሪካውያን አንዱን፣ ዩጂን ደብሩይንን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ትኩሳት ይዞት መራመድ ካቃተው ቻይናዊ ጓደኛው ጋር አብሮ ቀረ። አልተመለሰም። በዚህ ማምለጥ ላይ ተሠርቶ በ2006 የወጣው «Rescue Dawn» የተባለው ፊልም ግን ይህንን ሰው አእምሮው እንደተነካ ሰው አድርጎ አሳየው። ቤተሰቡም፣ አብሮት የታሰረው ፒሲዲም በአደባባይ ተቃወሙ። ተማሪዎቼ የሚያውቁት የፊልሙን ደብሩይን ነው። እባካችሁ፣ የእስር ቤት ታሪክ ስትሰሙ «ሌሎቹስ የት ደረሱ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ ከተጠራ የቀረው ታሪክ አልተነገራችሁም ማለት ነው።

«ሠራዊቱ ፈልጎ አገኘው።» አልነበረም። ጁላይ 20 ዩጂን ዲትሪክ የተባለ የአየር ኃይል አብራሪ በዚያ ሲያልፍ ከታች ነጭ ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው አየ። በሬዲዮ ሲያሳውቅ እዚያ አካባቢ የወደቀ አብራሪ የለም አሉት። ሙግት ገጥሞ ነው ሄሊኮፕተር ያስመጣው። እሱንም ከቆጠርን ዴንግለርን ያተረፉት ብዙ ናቸው።

«ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን አልነካም።» የሲቪል አየር መንገድ አብራሪ ሆኖ ሠርቷል። ያረፈው በ2001 ነው።