ኤር ፍሎ ሴንሰር ምንድን ነው? ፒክአፕ ላይ የት ይገኛል፣ እንዴትስ ይጸዳል?

ፒክአፑ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥለት ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ሲረገጥለት ለአፍታ ያመነታል፣ ከዚያ እንደምንም ይነሳል። ነዳጅ መብላትም አብዝቷል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ ቢጫ መብራት በርቷል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ካንዴላ ይቀይራል፣ የነዳጅ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ኢንጀክተር ያሳጥባል። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ሲመጣ አስቀድሞ መታየት ያለበት አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ኤር ፍሎ ሴንሰር ይባላል። ማፍ ሴንሰር የሚሉትም አሉ።

ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ይመዝናል። ስንት ሊትር አየር ገባ ሳይሆን ስንት ግራም ገባ ነው ጥያቄው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሞቃት አየር የሳሳ ነው። ከፍታ ላይም አየር ይሳሳል። ስለዚህ ያው 1 ሊትር አየር በማለዳ ቅዝቃዜና በቀትር ሙቀት እኩል ክብደት የለውም። ቤንዚን ደግሞ በደንብ የሚቃጠለው በክብደት ሲመጣጠን ነው፤ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር። ነዳጁን የሚያዝዘው የሞተሩ ኮምፒውተር የአየሩን ግራም ካላወቀ ስንት ነዳጅ መርጨት እንዳለበት በትክክል አያውቅም።

ታዲያ አየር እንዴት ይመዘናል? በሙቀት ነው። ሴንሰሩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ አለ። ብዙ ጊዜ ከፕላቲነም ይሠራል። አዳዲሶቹ ላይ በሽቦው ፈንታ ስስ ገበታ ይኖራል። ትኩስ ሻይ እፍ ሲሉበት እንደሚበርድ ሁሉ፣ የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ሴንሰሩ ግን ሽቦው እንዲበርድ አይፈቅድም። ከሚገባው አየር ሁልጊዜ በተወሰነ ዲግሪ እንዲበልጥ አድርጎ ይይዘዋል። ብዙ አየር ካለፈ ሙቀቱን ለማቆየት ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ጥቂት ካለፈ ጥቂት። ኮምፒውተሩ ያንን የኤሌክትሪክ ፍላጎት አይቶ በሴኮንድ ስንት ግራም አየር እንደገባ ያሰላል። ጥቅጥቅ ያለ አየር ብዙ ሙቀት ስለሚወስድ የቅዝቃዜውና የከፍታው ጉዳይ በዚያው ይካተታል። በጣም የሚደነቅ አሠራር ነው፤ የሚንቀሳቀስ አንድም ክፍል የለውም።

ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ሽቦው ላይ ስስ አቧራ ወይም የዘይት ፊልም ከተቀመጠ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዛል። አየሩ በሚገባው ልክ ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ኮምፒውተሩም የገባው አየር ጥቂት ይመስለዋል፣ የሚረጨውን ነዳጅ ይቀንሳል። ሞተሩ ደረቅ ድብልቅ፣ ማለትም ለአየሩ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ፣ ይቃጠልበታል። ይህ ይበልጥ የሚታወቀው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲኖር፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ነው። ሚኒሞ ላይ ግን አንዳንዱ የቆሸሸ ሴንሰር ተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ከእውነቱ በላይ ያነባል፣ ሞተሩም ነዳጅ ይበዛበታል። አንድ መኪና እዚህ ነዳጅ ሲያንሰው እዚያ ሲበዛበት መካኒኩም ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

የድሮ መሐንዲሶች ይህን ችግር ያውቁት ነበር። በ1980ዎቹ ቦሽ ባወጣው ባለ ትኩስ ሽቦ የነዳጅ መርጫ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሽቦው ለ1 ሴኮንድ ያህል ወደ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም እየጋለ ቆሻሻውን ያቃጥል ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ይህን አያደርጉም። ማጽዳቱ የባለቤቱ ሥራ ሆኗል።

ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ሴንሰሩ በዋናነት የሚጠቅመው ወደ ሞተሩ ተመልሶ የሚገባውን የጭስ መጠን ለመቆጣጠርና ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ ነዳጁን ለመገደብ ነው። ሴንሰሩ ቆሽሾ አየሩን አሳንሶ ካነበበ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቆጥባል። መኪናው ሳይጨስ፣ ሳያጉረመርም፣ ዝም ብሎ ጉልበት ያጣል። ተርቦው (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባው ዕቃ) ሞቷል ተብሎ ከመፈታቱ በፊት ይህችን ዕቃ ማየት ይገባል።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ኮፈኑን ክፈቱና የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ከሞተሩ በአንዱ ጎን፣ ወደ ጥግ ይቀመጣል። ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በዓይናችሁ ተከተሉ። ሴንሰሩ የሚገኘው ወይ ሳጥኑ መውጫ ላይ፣ ወይ ቱቦው መጀመሪያ ላይ ነው። ከፊልትሮው በኋላ፣ ከትሮትሉ (ፔዳሉ ሲረገጥ ከሚከፈተው የአየር በር) በፊት። ከውጭ የሚታየው የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ጭንቅላት፣ ሁለት ብሎንና የሽቦ መሰኪያ ነው። አካሉ ወደ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ተሸሽጓል። ብዙዎቹ አምስት ሽቦ አላቸው፤ ሁለቱ እዚያው አብሮ ለተሠራው የአየር ሙቀት መለኪያ ናቸው።

ቶዮታ ሂሉክስና ፎርድ ኤፍ-150 ብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ሴንሰሩ ፊልትሮ ሳጥኑ መውጫ አካባቢ ተሰክቶ ይገኛል። የቀድሞዎቹ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶዎች ላይ ግን ሴንሰሩ ራሱ የቱቦው ቁራጭ ነው፤ ግራና ቀኙ በማሰሪያ ተይዞ ሙሉው ሲሊንደር ይወጣል። እንዲህ ዓይነቱ ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ተቀርጾ ታያላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ቀስቱን አይታችሁ ያዙ።

ፈልጎ ማጣትም አለ። ካርቡራተር ያለው መኪና ይህ ዕቃ የለውም። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ የቆዩ ናፍጣዎችም የላቸውም። ሄሚ የሚባለው ባለ 5.7 ሊትር ሞተር ያለው ራም ፒክአፕ የሚሠራው በማፕ ሴንሰር ነው፤ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ካለው ግፊት ተነስቶ አየሩን ያሰላል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ሁሉ ኤር ፍሎ ነው ብላችሁ አትፍቱ። ቱቦው ላይ ተሰክቶ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ዕቃ የአየር ሙቀት መለኪያ ነው። ተርቦ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ኤር ፍሎው ብዙውን ጊዜ ከተርቦው በፊት ነው፤ ከተርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ የምታዩት በአብዛኛው የግፊት ሴንሰር ነው።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ንባቡን እዩ። ዛሬ ትንሿ የስካን መሣሪያ እንኳ ከስልክ ጋር ተገናኝታ በሴኮንድ ስንት ግራም አየር እየገባ እንደሆነ ታሳያለች። የቤንዚን ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲቆም የግራሙ ቁጥር ከሞተሩ ሊትር ጋር ይቀራረባል። ባለ 4 ሊትር ሞተር ወደ 4 ግራም አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፣ ግን ከዚያ ብዙ የራቀ ቁጥር ይናገራል። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድም በዚያችው መሣሪያ አንብቡ። ፒ0101 ንባቡ ከሚጠበቀው ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ማጽዳት ሊያድነው ይችላል። ፒ0102 እና ፒ0103 በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነገር ናቸው፤ የተቆረጠ ሽቦ፣ የዛገ መሰኪያ። ፒ0171 እና ፒ0174 ሞተሩ ነዳጅ አንሶታል የሚሉ ናቸው። እነሱ ሴንሰሩንም ሊያመለክቱ ይችላሉ፣ ከሴንሰሩ በኋላ ያለ ቀዳዳንም። ቱቦው ከሴንሰሩ በኋላ ከተሰነጠቀ ያልተመዘነ አየር ይገባል፣ ሴንሰሩም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ለማጽዳት ሞተሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን አቧራ በቅድሚያ ከውጭ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይረግፋል። መሰኪያውን ስትነቅሉ ምላሱን ተጭናችሁ አካሉን ሳቡ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። ብሎኖቹ ወይ መስቀል ካቻቪቴ ወይ ባለ ኮከብ ይፈልጋሉ፤ ቲ20 ብዙ ቦታ ይገጥማል። ሴንሰሩን ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ከሥሩ ያለው የላስቲክ ቀለበት እንዳይጠፋ።

አሁን ወደ ብርሃን ያዙትና ወደ ቀዳዳው ውስጥ ተመልከቱ። አንድ ወይም ሁለት እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች፣ ወይም ስስ ገበታ ታያላችሁ። አንዳንዴ ላዩ ላይ ግራጫ አቧራ ተጣብቆ፣ ወይም የነፍሳት ክንፍ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይን ምንም አያይም፤ የዘይቱ ፊልም ያን ያህል ስስ ነው። ንጹሕ መሰለኝ ብላችሁ አትመልሱት፣ ርጩበት።

የሚረጨው ለዚሁ ለኤር ፍሎ ሴንሰር ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ነው። ቶሎ ይተናል፣ ቅሪት አይተውም፣ ፕላስቲክ አይበላም። የቆርቆሮውን ቀጭን ቱቦ ከሽቦው ጥቂት ሴንቲሜትር አርቃችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ አጫጭር ርጭት ስጡት። አገላብጡት። ጠብታ የምትመስለውን የአየር ሙቀት መለኪያም እጠቡ። ከዚያ ቆሻሻው ከፈሳሹ ጋር ተንጠባጥቦ ይውረድ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። በጣት አትንኩት። በጥጥ አትጥረጉት። በብሩሽም አትሞክሩ። በኮምፕሬሰር አየር አታድርቁት፤ ሽቦው ሊበጠስ ይችላል፣ ከተበጠሰ በኋላ መፍትሔው አዲስ መግዛት ብቻ ነው። የፍሬን ማጽጃና የካርቡራተር ማጽጃ ብዙ ጋራዥ ውስጥ በእጅ ስለሚገኙ ሰው ያነሳቸዋል። እነሱ ፕላስቲኩንና ማጣበቂያውን ሊጎዱ፣ ቅሪትም ሊተዉ ይችላሉ። ዛገት ማላቀቂያ ዘይት ደግሞ ልናስወግደው የፈለግነውን ፊልም ራሱን መልሶ መቀባት ነው።

ራሱ ይድረቅ። 15 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ጊዜ ካላችሁ ግን አንድ ሰዓት ስጡት። ፈሳሹ ተቀጣጣይ ነው፤ ሽቦው ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ይሞቃል። ሁለቱን አታገናኙ።

እስኪደርቅ ድረስ የፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ። በእኔ እምነት ከማጽዳቱ እኩል የሚጠቅመው ይህ ነው። ሴንሰሩ ያለ ምክንያት አልቆሸሸም። ፊልትሮው ተጣሞ ተቀምጦ ይሆናል። የሳጥኑ ቅንጥብ አልገጠመ ይሆናል። በዘይት የሚነከር ዓይነት ፊልትሮ ከሆነ ዘይቱ በዝቶ ይሆናል፤ ትርፉ በአየሩ እየተወሰደ ሽቦው ላይ ይቀመጣል። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፤ አቧራ ከያዘ ፊልትሮው እያሳለፈ ነው። ቱቦውንም አጠፍ አጠፍ አድርጉና እጥፋቶቹ መሐል ስንጥቅ ፈልጉ፤ ሳይታጠፍ አይታይም።

ስትመልሱት ቀለበቱ በቦታው ይሁን፣ አቅጣጫውም እንደነበረ። ብሎኖቹ የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ በጉልበት አታጥብቁ። መሰኪያው ጠቅ ሲል ይሰማችሁ። ኮዱን በስካነር አጥፉና አስነሱ። ኮምፒውተሩ በተሳሳተው ንባብ የለመደውን ማስተካከያ እስኪተው ድረስ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢንገዳገድ አትደንግጡ። ጥቂት ነድታችሁ ንባቡን እንደገና እዩ፤ ከበፊቱ ጋር አወዳድሩ።

ለውጥ ከሌለ ሽቦውንና መሰኪያውን መፈተሽ ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መሰኪያውን ንቀሉና አስነሱ። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ትቶ በተቀመጠለት ግምት ይሠራል። ተነቅሎ ከተሰካው በተሻለ ከሄደ ሴንሰሩ በጣም ይጠረጠራል። መብራቱ ይበራል፤ ስትመልሱት ኮዱን ታጠፋላችሁ። መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ በጣም የረከሰውን ቅጂ አትግዙ። መልኩ አንድ ነው፣ ይሰካል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በመኪናችሁ የሞተር ዓይነትና በአሮጌው ሴንሰር ላይ በተጻፈው ቁጥር አመሳክራችሁ ግዙ።