ገመድ አልባ ፒሲ ቪአር ምንድን ነው?

እንደ ሜታ ኩዌስት 3 ያለ የቪአር ሄድሴት (ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያስገባ፣ ዓይን ላይ የሚታሰር መሣሪያ) ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ስክሪኑም፣ ባትሪውም እዚያው ግንባራችሁ ላይ ናቸው። አቅሙ ግን ከስልክ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 ለፒሲ የወጣውን «ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ»ን የመሰለ ከባድ ጌም ብቻውን አይችለውም።

መላው እንዲህ ነው። ጌሙ ፒሲው ላይ ይሠራል። ወደ ሄድሴቱ የሚሄደው ምስሉና ድምፁ ብቻ ነው፣ በዋይፋይ። ሄድሴቱ ደግሞ ጭንቅላታችሁና እጃችሁ የት እንዳሉ ለፒሲው ይነግረዋል። ፒሲው በዚያ ልክ አዲስ ምስል ሠርቶ፣ አምቆ (መጠኑን አሳንሶ) ይልካል። በ90 ኸርዝ ይህ ሁሉ በሰከንድ 90 ጊዜ ነው። ለአንድ ምስል 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ማመቁ ለምን አስፈለገ? የኩዌስት 3 ስክሪን ለአንድ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል ነው። የሁለቱን ዓይን ምስል እንዳለ እንላክ ብንል በሰከንድ ወደ 20 ጊጋቢት ይጠጋል። የቤት ዋይፋይ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ኤችኢቪሲ ወይም ኤቪ1 በሚባል የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ይታመቅና ወደ 100 ወይም 200 ሜጋቢት ይወርዳል። ጌሙ ውስጥ ጨለማ ክፍል ስትገቡ ጥላው በትንንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ ከታያችሁ ምክንያቱ ይኸው ማመቅ ነው።

ብዙ ሰው «የእኔ ኢንተርኔት ደካማ ነው፣ አይሆንልኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምስሉ ከቤታችሁ አይወጣም! ከፒሲው ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ሄድሴቱ ነው የሚሄደው። የምትከፍሉበት የኢንተርኔት ፍጥነት እዚህ ምንም አይለውጥም። ወሳኙ ራውተሩ ነው።

«ገመድ አልባ» ሲባልም አንድ ገመድ ይቀራል፤ እሱም ፒሲውን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው የኔትወርክ ገመድ ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን አላወቅሁም። ፒሲዬም ሄድሴቴም በዋይፋይ ነበሩ። ቶሎ ዞር ስል ዓይኔ ጥግ ላይ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። አዲሱ ምስል ሲዘገይ ሄድሴቱ የቀደመውን ምስል በዞርኩበት ልክ እያንሸራተተ ያቆየኝ ነበር ለካ። ምስል የሌለበት ጠርዝ ነው ጥቁር የሚሆነው። ፒሲውን በገመድ አገናኘሁት፣ ሄድሴቱን በ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ አስገባሁት፣ ራውተሩንም እዚያው የምጫወትበት ክፍል አመጣሁት። ጥቁሩ ጠፋ።

ፒሲውን ከሄድሴቱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ብዙ አያስቸግርም። የሜታው ኤር ሊንክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው። የፒሲ ጌም መሸጫው የስቲም መተግበሪያ፣ ስቲም ሊንክ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለኩዌስት መጣ፣ እሱም ነፃ ነው። ጌሞቻችሁ ስቲም ላይ ከሆኑ በዚህ ጀምሩ ባይ ነኝ። ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ይከፈልበታል። እኔ ግን ገንዘቤን አልቆጭም፤ መዘግየቱን ከፋፍሎ ያሳየኛልና። ጌሙ ስንት ሚሊሰከንድ ወሰደ፣ ማመቁ ስንት፣ ኔትወርኩ ስንት፣ ሄድሴቱ ላይ የታመቀውን መፍታቱ ስንት፣ ሁሉም ለየብቻው ይታያል። የኔትወርኩ ቁጥር ከፍ ካለ ራውተሩን አቅርቡት። የጌሙ ከሆነ ግን ራውተር መቀየር አይጠቅማችሁም። የጌሙን ግራፊክስ ዝቅ አድርጉት።